ስሙ አንድ ነው፣ መኪናው ግን ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት ሳነብ ኖሬአለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁለት እትም በፊት ስለ ያገለገሉ መኪናዎች አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። እዚያ ላይ ስለ ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ «በአንድ ሊትር ቤንዚን 27.97 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይላል። ከጽሑፉ ጎን ያለው ፎቶ ቁርጥ የኔን መኪና ነው። መለዋወጫ ጎማዋን በኋላ በሯ ላይ ያዘለች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ የድሮዋ ግራንድ ቪታራ ናት። ያ ቁጥር የእሷ አይደለም። ሊሆንም አይችልም።

ይህን ያህል ያስጨነቀኝ ምክንያት አለኝ። የእህቴ ልጅ ጽሑፉን ከጋዜጣው ቆርጣ ይዛልኝ መጣች። መኪና ልትገዛ ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታለች። «አክስቴ፣ ያንቺዋም በሊትር 28 ትሄዳለች እንዴ?» አለችኝ። ዓይኗ በተስፋ በርቶ ነበር። በወር ለነዳጅ የምታወጣውን በዚያ ቁጥር አስልታ በወረቀት ላይ ጽፋዋለች። ሂሳቡን ሳየው ከእውነተኛው ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር። ስንት ሌላ ሰው ያንኑ ሂሳብ ሠርቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በቀጣዩ እትም ደግሞ አንድ አንባቢ መልስ ጻፉ። «ይህች መኪና ነዳጅ ጠጪ ናት፣ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሄድም» አሉ። እሱንም እንዳለ አተማችሁት። አንዱ 28፣ ሌላው 5። ገዢ የሆነ ሰው ከእነዚህ ሁለቱ መሀል የትኛውን ይያዝ?

እኔ መሀል ላይ ያለውን ቁጥር አውቀዋለሁ። ለ9 ዓመት ጽፌዋለሁ።

በቅድሚያ 28 የሚለው ከየት እንደመጣ ልናገር። የሆነ ሰው ስሙን ፈልጎ ያገኘውን የመጀመሪያ ቁጥር የወሰደው ይመስለኛል። ሱዙኪ ቪታራን እ.ኤ.አ. በ1988 አወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ ትባላለች። ግራንድ ቪታራ የሚለው ስም በ1998 ተጨመረ። የኔዋ በ2005 ከወጣው ትውልድ ናት። ይህ ትውልድ አሥር ዓመት ገደማ ከተሸጠ በኋላ ቀረ። በ2015 ለአውሮፓ ገበያ የመጣችው አዲሷ ቪታራ «ግራንድ» የሚለውን ጥላ ነው የመጣችው። እሷ በጣም ቀላል መኪና ናት። በፊት ጎማ ብቻ የምትነዳዋ ባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። ከዚያ በ2022 ህንድ ውስጥ «ግራንድ ቪታራ» የሚለው ስም ተመልሶ መጣ። ይህኛው ፈጽሞ ሌላ መኪና ነው። ከቶዮታ ጋር በመተባበር የተሠራ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ አንዱ ባለ 1.5 ሊትር ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር ያጣመረ ሃይብሪድ ነው። 27.97 የሚለው አምራቹ ለዚያ ሃይብሪድ የሰጠው ቁጥር ነው።

ስሙን ወረሰ እንጂ አካሉን አልወረሰም። የሟች አያቱን ስም የያዘ ልጅ አያቱን አይሆንም።

የድሮዋን የሚያውቋት ምን እንደሆነች ያውቃሉ። ክብደቷ ከ1.5 ቶን ያልፋል። ሞተሯ በቁመት የተቀመጠ ነው፤ ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ዓይነት ሥሪት ነው። በተለይ ደግሞ ባለ አምስት በሯ በብዙ አገር የተሸጠችው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ሆና ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መዞሪያ ፎር ኤች (ለተለመደው መንገድ)፣ ፎር ኤች ሎክ (ለሚያዳልጥ መንገድ)፣ ፎር ኤል ሎክ (ለከባድ ጭቃ፣ በዝግታና በጉልበት) ትላለች። «በሁለት ጎማ» የሚል ምርጫ የለም። የፊት አክሱ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ፣ ጥርሶቹ፣ ሁሉም አስፋልት ላይም ይዞራሉ። መዞር ነዳጅ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ቁመት ካላት፣ በፊት ጎማ ብቻ ከምትነዳ መኪና ጋር ስትወዳደር ምንጊዜም ወደ ኋላ የምትቀረው። ያ ጉድለት አይደለም። የተሠራችበት ዓላማ ዋጋ ነው።

ሞተሯም አንድ ብቻ አይደለም። 1.6 አለ፣ 2.0 አለ፣ ከ2008 በኋላ 2.4 መጣ። ስድስት ሲሊንደር ያላቸው 2.7 እና 3.2 አሉ። 1.9 ናፍጣም አለ። በማርሽ አለ፣ ባለ አራት ፍጥነት አውቶማቲክ አለ። የነዚህ ሁሉ ፍጆታ በአንድ ቁጥር ሊጻፍ አይችልም። የናፍጣዋንና የ3.2 ቤንዚኗን አማካይ ያወጣ ሰው የማንንም መኪና ፍጆታ አላወጣም።

የኔዋ ባለ አምስት በር፣ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ በእጅ ማርሽ፣ የ2008 ሥሪት ናት።

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ሳላመሳክር የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። መኪናዋን በያዝኩበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ባለ መስመር ደብተር ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩ። ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር ሦስት ነገር እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የገባውን ሊትር። ሁልጊዜ ፉል ነው የማስሞላው። ማስገቢያው በራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲያቆም እዚያ ላይ ይበቃል። «ትንሽ ይጨመርበት» አይባልም። ያ ትንሽ ጭማሪ ነው ሂሳቡን የሚያበላሸው።

እነሆ ድምሩ። 327 ጊዜ አስሞልቻለሁ። 148,236 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። 15,861 ሊትር ቤንዚን ገብቷል። በ100 ኪሎ ሜትር 10.7 ሊትር ማለት ነው። በለመድነው አነጋገር ደግሞ በሊትር 9.3 ኪሎ ሜትር ገደማ።

እዚህ ላይ አንድ እርማት አለኝ። የመኪናዋን ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ በስልኬ ጂፒኤስ አነጻጽሬዋለሁ። ስልኬ 100 ሲል መኪናዋ 101.3 ትላለች። በጥቂቱ ታጋንናለች። ስለዚህ እውነተኛው ወደ 10.8 ይጠጋል። ትንሽ ልዩነት ናት። ግን ከጻፍኩ አይቀር እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምርጡ ታንኬ በ100 ኪሎ ሜትር 8.4 ሊትር ነበር። መጥፎው 14.9። መኪናዋ አንዲት፣ ነጂዋም አንዲት ናት። ልዩነቱ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሰዎች «መኪናው ስንት ይበላል?» ሲሉ የሚረሱት ይህንን ነው። መኪናው ብቻውን አይበላም። መንገዱ፣ ፍጥነቱ፣ ሙቀቱና እግራችን አብረው ይበላሉ።

የእህቴን ልጅ ሂሳብ ለማረጋገጥ ሌላም መንገድ ነበር። የኔዋ የነዳጅ ታንክ 66 ሊትር ይይዛል። በሊትር 28 የምትሄድ ቢሆን ኖሮ አንዴ ሞልቼ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ በሄድኩ ነበር። በእነዚህ 9 ዓመታት በአንድ ሙሌት ከ650 በላይ የሄድኩባቸው ጊዜያት በጣት ይቆጠራሉ።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች» ስለሚለው አጠያየቃችንም አንድ ነገር ልበል። ይህ አጠያየቅ ያሳስታል። አንድ ሰው መኪናውን አሠርቶ በሊትር ከ7 ወደ 8 ኪሎ ሜትር ቢያደርሳት በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1.8 ሊትር ገደማ ይተርፈዋል። ሌላው ከ14 ወደ 15 ቢያደርሳት የሚተርፈው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱም «አንድ ኪሎ ሜትር አሻሻልኩ» ይላሉ። ኪሳቸው ግን እኩል አላተረፈም። እንደኔዋ ነዳጅ ለምትወድ መኪና ትንሽ ማሻሻል ትልቅ ገንዘብ ነው። «ድሮም ጠጪ ናት፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ መተው የሚያከስረውም ለዚህ ነው። እባካችሁ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

አምራቹ የሰጠው ቁጥርስ? በዘመኗ አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት ፈተና ኤንኢዲሲ ይባል ነበር። መኪናው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚዞር ሲሊንደር ላይ ይቆማል። 20 ደቂቃ ያህል ይነዳል። 11 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ይጠፋል። አፈጣጠኑ የአዛውንት እርምጃ ይመስላል። ይህን የመሰለ መንዳት በሕይወቴ አንድ ቀን ነድቼ አላውቅም። ከ2017 ጀምሮ ደብሊው ኤል ቲ ፒ በሚባል ረዘምና ጠንከር ባለ ፈተና ተተካ። አሜሪካኖቹም ከ2008 የሞዴል ዓመት ጀምሮ የራሳቸውን ፈተና አጥብቀውታል፤ ከፍተኛ ፍጥነት፣ አየር ማቀዝቀዣና ብርድ ጨመሩበት። የመኪናዬ መጽሐፍ ላይ ያለው አማካይ ከደብተሬ ከአንድ ሊትር በላይ ያንሳል። ዋሽተዋል አልልም። ሌላ ነገር ነው የለኩት። ግን የድሮ መኪና ቁጥርና የአዲስ መኪና ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የተለኩት በተለያየ ክንድ መሆኑን ለአንባቢ ንገሩት።

አሁን ወደ መንገድ እንውጣ። በሦስት እሁድ በአንድ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ሞክሬ ነበር። ሄጄ እመለሳለሁ፤ ነፋሱና ዳገቱ እንዲካካሱ ነው። በሰዓት 90 ይዤ ስሄድ 8.6 ሊትር። በ105 ስሄድ 9.7። በ120 ስሄድ 11.3። ከ90 ወደ 120 ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ነው። አየሩ የሚገታበት ኃይል ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ78 በመቶ ይጨምራል። ይህች መኪና ደግሞ ፊቷ ሰፊ ነው፣ ቁመቷም ረጅም። አየሩን እየሰነጠቀች ሳይሆን እየገፋች ነው የምትሄደው። አምስተኛ ማርሿም አጭር ነው። በ100 ላይ ሞተሩ ወደ 3 ሺህ ዙር ይጠጋል። ስድስተኛ ማርሽ ቢኖራት ኖሮ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የለም። ስለዚህ 90 ላይ እረጋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ይለፈኝ።

ከሩጫ ይልቅ ግን እኔን የጎዳኝ አጭር ጉዞ ነው። አንድ ሰሞን መሥሪያ ቤቴ ከቤቴ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ሆነ። ጠዋት በመኪና፣ ማታ በመኪና። በእነዚያ አራት ወራት ደብተሬ 13.6 ይላል። ሞተር ሳይሞቅ የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን አወፍሮ፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር አብዝቶ ነው የሚሰጠው። ዘይቱም ወፍራም ነው፤ ጥርሶቹ ይከብዳሉ። በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል ውስጥ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ማታም እንደገና ከዜሮ። በአምስተኛው ወር በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። መኪናዋ ለረጅም መንገድ ብቻ ስትወጣ ወደ 10.4 ወረደች። ምንም አላስጠገንኩም።

በልቤ የቀረው የቴርሞስታቱ ነገር ነው። እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ይህን መኪና ከያዙ ሰዎች ብዙዎቹ ሳያውቁት ይህ ችግር ያለባቸው ይመስለኛል።

በስድስተኛው ዓመት ነው። ደብተሩ 10.5 ይላል። ቀጥሎ 11.2፣ ከዚያ 12.1፣ ከዚያ 12.8። መንገዴ ያው ነው። እግሬም ያው ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ «እትዬ፣ መኪናዋ አርጅታለች፤ ሲያረጁ እንዲህ ናቸው» አለኝ። አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ስሮትሉን (የአየር መግቢያውን በር) አጠበ። የአየር ፊልትሮ ለወጠ። ከፍዬ ወጣሁ። ቀጣዩ ታንክ 12.7። ማለትም ምንም።

ዕድሜ ነው ቢባል ቀስ ብሎ በዓመታት ይመጣል። ይህ በሁለት ወር ነው የመጣው። በሂሳብ ቤት እንዲህ ያለ ዝላይ ሲታይ «አርጅቷል» አይባልም፤ አንድ ቦታ የተከፈተ ነገር አለ ማለት ነው። በእርግጥም የተከፈተ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ረጅም ቁልቁለት ስወርድ የሙቀት መለኪያውን መርፌ አየሁት። ከለመደው ቦታ ዝቅ ብሏል። ማሞቂያውን ስከፍተው ለብ ያለ አየር ነው የሚወጣው። የቼክ ኢንጅን መብራት አልበራም። ለሌላ፣ በዕድሜ ለገፉ መካኒክ ነገርኳቸው። እሳቸው መፍቻ አላነሱም። «ነገ ጠዋት ሳታስነሽ አምጪያት» ማለት ስለማይቻል ራሳቸው በማለዳ ቤቴ መጡ። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሱና እጃቸውን ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው የላይኛው ላስቲክ ቧንቧ ላይ አደረጉ። ዝም ብለው ጠበቁ። የኔንም እጅ አስያዙኝ። ቧንቧው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ ማለት ጀመረ። «ይኸው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት ማለት በሞተሩና በራዲያተሩ መሀል ያለች በር ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ተዘግታ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እንዲዞር ታደርጋለች። ሲሞቅ ትከፈታለች። ጤነኛ ከሆነች የላይኛው ቧንቧ ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሞቃል። የኔዋ ተከፍታ ቀርታለች። ስለዚህ ሞተሩ ገና ከመነሳቱ ውሃው ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። በተለይ በቁልቁለትና በሩጫ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ያነብና «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ያወፍራል። ቀኑን ሙሉ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል።

ያቺ ትንሽ ዕቃ ተቀየረች። ቀጣዮቹ አምስት ታንኮች አማካያቸው 10.6 ሆነ። በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2.2 ሊትር። በኔ ጉዞ በወር 30 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ቤንዚን ሳቃጥል መኪናዋ አንድ ቀን አልቆመችም፣ አልጨሰችም፣ ድምፅ አላሰማችም። ደብተሩ ብቻ ነው የተናገረው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። አንዴ የፊት ግራ ፍሬን ካሊፐር (ፍሬኑን የሚጨብጠው ክፍል) ተጣብቆ ፍሬኑን ሳልይዝ እየያዘ ነበር። 11.9 ደረሰች። ከጉዞ በኋላ እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ማወዳደር በቂ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጋል ከሆነ እዚያ ነው ነገሩ። የጣሪያ ዕቃ መጫኛውን ብረት ባዶውን አንድ ዓመት ይዤው ዞሬአለሁ። ሳወርደው በረጅም መንገድ 0.4 ሊትር ቀነሰ። የጎማ ንፋስ በወር አንዴ፣ ጎማው ሳይሞቅ እለካለሁ። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና እኩል የተበላ መሆን አለበት። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የምትነዳ መኪና ላይ የተለያየ ጎማ ከነዳጁም በላይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን የመሀል ዲፈረንሻል ይጎዳል።

የአየር ፊልትሮን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚለውን አልደግፍም። ሦስት ጊዜ ከመቀየሬ በፊትና በኋላ አነጻጽሬአለሁ። በፍጆታ ላይ ልዩነት አላየሁም። በካርቡረተር ዘመን እውነት ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚመጥነው። ፊልትሮ ሲታፈን መኪናዋ አቅም ታጣለች እንጂ ቤንዚን አታባክንም። ቀይሩት፣ ግን ለሌላ ምክንያት።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው በነፃ የሚለቁም አሉ፤ ነዳጅ ይቆጥባል ብለው። ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መቀበል አለበት። አደጋው ደግሞ ሌላ ነው፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ብቻ ይሸከመዋል።

«በሊትር 5 አትሄድም» ያሉትን አንባቢ ውሸታም ናቸው አልልም። የእሳቸው ባለ 3.2 አውቶማቲክ ከሆነች፣ ቀኑን ሙሉ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ከዋለች፣ ቴርሞስታቷ ወይም የጭሱን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰሯ ከሞተ፣ ይሆናል። ከፋብሪካው መጠን ተለቅ ያለ ጎማ ገጥመው ከሆነም መቁጠሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ኪሎ ሜትር ነው የሚነግራቸው። ወይም ደግሞ እንደ ብዙ ሰው ግማሽ ታንክ ቀድተው መርፌውን አይተው ገምተው ይሆናል። የነዳጅ መርፌ ለግምት እንጂ ለሂሳብ አይሆንም። አንድ ታንክም ብቻውን አይበቃም። አንዱ ማደያ ላይ መኪናው ትንሽ ዘንበል ብሎ ቢቆም 2 ሊትር ያህል ሊጎድል ይችላል፤ ከ48 ሊትር ላይ 4 በመቶ ማለት ነው። አምስት ታንክ ደምሮ ማካፈል ይሻላል። ጸሐፊው እባክዎ ይህን ያድርጉና ውጤቱን ይጻፉልን። ከልቤ ነው የምለው፤ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚጠጣባቸው ነገር ካለም ይገኛል።

ያን ያህል የምትበላ ከሆነ ለምን አልሸጥሽም ያለኝ ሰው አለ። በደብተሩ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት፣ ሊትሩ ብዙ ነው። ያ 14.9 የሚለው ታንክ ነው። ዝናቡ መንገዱን ወደ ጭቃ በለወጠበት ሌሊት እናቴን ወደ ሐኪም ያደረስኩበት ነው። ፎር ኤል ሎክ አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ 3 ሰዓት ሙሉ። ከፊታችን የነበሩ ሁለት ቀላል መኪናዎች ሰጥመው ቀርተዋል። እኛ አልቆምንም። ያንን ነዳጅ አልቆጭበትም። እናቴ ዛሬም አለች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ቁጥሩን አስተካክሉ። 27.97 የሚለው በ2022 ህንድ ውስጥ የወጣችው ሃይብሪድ ቁጥር እንደሆነ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ግን መመረቷ የቀረ ሌላ መኪና እንደሆነች ጻፉ። ወደፊትም የመኪና ፍጆታ ስታወጡ የተሠራበትን ዓመት፣ ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ፣ ማርሹ በእጅ ይሁን አውቶማቲክ፣ ቁጥሩ በየትኛው ፈተና እንደተለካ አብራችሁ አስቀምጡ። ሁለት መስመር ነው የሚወስድባችሁ። ደብተሬን ማየት ከፈለጋችሁ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

የእህቴ ልጅ ሐሳቧን አልቀየረችም። አሁን በ100 ኪሎ ሜትር 11 ወይም 12 ሊትር ብላ ነው ሂሳቧን የሠራችው፤ ይበቃኛል ብላለች። የፊታችን ቅዳሜ አንዲት የ2010 ሥሪት ባለ 2.4 አውቶማቲክ ልናይ ቀጠሮ ይዘናል። ለሻጩ ደውላ እኛ እስክንደርስ ድረስ ሞተሩን እንዳያስነሱት ለምናቸዋለች። ቧንቧውን ከቀዝቃዛው ጀምሬ መዳሰስ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የ9 ዓመት ደብተር ያላት አንባቢያችሁ